በጥንት ቤት ውስጥ አዲስ ማዕድ ስለ መዘርጋት

አዲስ አበባ፣ ፒያሳ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት በድንጋይ መሠረት ላይ በእንጨትና በጭቃ ከታነጹት ቤቶች በአንደኛው ውስጥ ምግብ ቤት የወረሰች አንዲት ወይዘሮ፣ አዳራሹን ለከበረ ማዕድ የሚበቃ አድርጋ ልታድሰው ባሰበች ጊዜ፣ በአሮጌ ሕንጻዎች እድሳት ብዙ ዘመን የሠሩ አንድ መሐንዲስ ጠርታ ከእርሳቸው ጋራ ያደረገችው ምልልስ የሚከተለው ነው።

ወይዘሮዋ፦ ጋሼ፣ ያደከምሁዎ ነገሩን ከሥሩ እንዲያዩልኝ ብዬ ነው። ይህ አዳራሽ ከአያቴ ወደ እናቴ፣ ከእናቴም ወደ እኔ ሲተላለፍ፣ ወንበሩና ጠረጴዛው ሲለዋወጥ ኖረ እንጂ ቤቱ ራሱ አንድም ጊዜ በወጉ ታስቦበት አልታደሰም። አሁን ግን እንግዳው ሌላ ሆኗል፤ ሲመሽ መጥቶ፣ ምግቡ በተራ በተራ እየቀረበለት፣ ሳይቸኩል እየተጫወተ ሦስት ሰዓት ያህል የሚቀመጥና ለዚህም ገንዘቡን የማይሰስት እንግዳ ነው። ስለዚህ ግድግዳውን በጂፕሰም ባለብሰው፣ የጣውላውን ወለል አንሥቼ እብነ በረድ ባነጥፍበት፣ የእንጨቱን መስኮት አውጥቼ ሰፊ መስተዋት ያለው አልሙኒየም ባስገባበት፣ ኮርኒሱንም ወርቅ በመሰለ ጌጥ ባስጌጠው፣ ለማዕዴ የሚመጥን ቤት የማገኝ ይመስለኛል።

መሐንዲሱ፦ እኅቴ፣ የዘረዘሩልኝ ሁሉ በአዲስ ሕንጻ ላይ ቢደረግ የሚነቀፍ አይደለም፤ በዚህ ቤት ላይ ግን ሊደርስ የሚችለውን ጉዳት አስቀድሜ ብነግርዎ ይሻላል። ከጭድ ጋራ ተቦክቶ በምሰሶና በማገር መካከል የተመረገው ይህ ጭቃ፣ ከምድር የሚስበውንና ከክረምቱ ዝናብ የሚቀበለውን እርጥበት በበጋው ወራት በገጹ እየተነፈሰ ስለሚያወጣ ነው ከመቶ ዓመት በላይ ሊቆም የቻለው። ይህን ግድግዳ በሲሚንቶ ቢለስኑት ወይም በዘይት ቀለም ቢቀቡት፣ እርጥበቱ መውጫ አጥቶ በውስጡ ይከማቻል፤ ምሰሶው ከሥሩ ይበሰብሳል፤ ሲሚንቶውም ባሕርዩ ከጭቃው ባሕርይ ጋራ ስለማይስማማ፣ ጥቂት ክረምቶች ካለፉ በኋላ ከነምርጊቱ እየተገመሰ ይወድቃል። ጂፕሰሙም ቢሆን ብስባሹንና ምስጡን ከዓይን ይሰውራል እንጂ አያስቀረውም። የቀድሞዎቹ ባለሙያዎች ቤቱን በኖራ የለሰኑት ድህነት ይዟቸው አይደለም፤ ኖራ እርጥበትን የሚያሳልፍ፣ ቤቱም ጥቂት ቢንቀሳቀስ አብሮ የሚታገሥ መሆኑን በልምድ ስላወቁ ነው።

ወይዘሮዋ፦ እንግዲያው አንዳች ነገር አይለወጥ ማለትዎ ነውን? እኔ እኮ ዘበኛ ቆሞበት፣ ጎብኚ በጸጥታ የሚያልፍበት ቤተ መዘክር ልከፍት አይደለም። ቤቱ ሠርቶ ካልበላ እንኳን ሊታደስ ቆርቆሮውም አይቀየርለት። ደግሞም ምግብ ቤት ማለት በየጊዜው ፊቱን እያደሰ የሚኖር ሥራ ነው።

መሐንዲሱ፦ በዚህስ ከእርስዎ ጋራ ነኝ። እ.ኤ.አ. በ1964 በቬኒስ ከተማ ተሰብስበው የሐውልቶችንና የጥንት ሕንጻዎችን አጠባበቅ ደንብ ያጸደቁት ሊቃውንትም፣ ቅርስ ለሕዝብ ጥቅም በሚሰጥ ሥራ ላይ መዋሉ ለአጠባበቁ የሚረዳ መሆኑን ጽፈዋል፤ ነገር ግን አገልግሎቱ የሕንጻውን አቀማመጥና ጌጥ እንዳይለውጥ አጥብቀው ወስነዋል። እሳት የማይነድበትና ሰው የማይመላለስበት የጭቃ ቤት ፈጥኖ እንደሚፈርስ ባላገሩ ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ ክርክራችን ቤቱ ይሥራ ወይስ አይሥራ በሚለው ላይ ሳይሆን፣ በየትኛው ክፍሉ ላይ እጃችንን እናንሣ በሚለው ላይ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን በቅኔ ማሕሌት፣ በቅድስትና በመቅደስ ተከፍላ ለእያንዳንዱ የተለየ ሥርዓት እንደ ተሠራለት፣ እኔም የጥንት ቤት በያዝሁ ቍጥር በልቡናዬ በሦስት እከፍለዋለሁ። በመቅደሱ ማዕርግ የማስቀምጠው የአዳራሹን ቁመትና ስፋት፣ የመስኮቶቹን ሥፍራ፣ የእንጨቱን ደረጃ፣ በረንዳውንና በጠርዙ ላይ የተፈለፈለውን የጣውላ ጌጥ ነው፤ እነዚህ አይነኩም። ወለሉ፣ ልስኑና ኮርኒሱ ይጠገናሉ፤ ግን በራሳቸው ዓይነት ዕቃ፣ ሙያውን በሚያውቅ እጅ። ወንበሩን፣ ጠረጴዛውን፣ መብራቱን፣ መጋረጃውንና ምንጣፉን ግን እንደ ወደዱ ያድርጉ፤ በዚያ ላይ እኔ ዳኛ አይደለሁም።

ወይዘሮዋ፦ የመብል ቤትን በመቅደስ መመሰል ያስፈራኛል፤ ነገሩ ግን ገብቶኛል።

መሐንዲሱ፦ ክብሩን ማስተካከሌ አይደለም፤ ሥርዓቱን ብቻ ነው የተዋስሁት።

ወይዘሮዋ፦ ፓሪስን ያዩ ሰዎች ግን በሊዮን ባቡር ጣቢያ ውስጥ ያለው ትሬን ብሉ የሚባለው ምግብ ቤት ከወለል እስከ ጣራ በወርቅና በሥዕል ያሸበረቀ መሆኑን ይነግሩኛል። እርሱም የጥንት ቤት ነው። በእርሱ ያማረ ወርቅ በእኔ ቤት ስለምን ይነቀፋል?

መሐንዲሱ፦ በፓሪሱ ቤት ያለው ወርቅ ከቤቱ ጋራ የተወለደ ነው። አዳራሹ እ.ኤ.አ. በ1901 ሲመረቅ፣ ባቡሩ የሚያደርስባቸውን አገሮች የሚያሳዩ 41 ሥዕሎችን በኮርኒሱና በግድግዳው ላይ ይዞ ተመርቋል፤ በ1972 መንግሥቱ በታሪካዊ ሐውልትነት ሲመዘግበውም የመዘገበው ይህንኑ ነው። በዚያ ወርቁን መፋቅ፣ በዚህ ወርቅ መቀባት፣ ሁለቱም አንድ ዓይነት በደል ነው። የእኛ ቤት ውበት ሌላ ነው፤ የሕንድ፣ የአርመንና የግሪክ ባለሙያዎች ከአገራችን አናጢዎችና ግንበኞች ጋራ ሆነው በጽድና በወይራ፣ በድንጋይና በጭቃ፣ ከባሕር ማዶ በመጣ ቆርቆሮ የፈጠሩት፣ በሌላ አገር በቀላሉ የማይገኝ የአሠራር ዓይነት ነው። ሰፊው በረንዳ ፀሐዩን ያቀዘቅዛል፤ ረጃጅሙ መስኮት ብርሃኑን አለዝቦ ያስገባል። ይህን መጋረድ ወጪ ከማብዛት በቀር አንዳች ትርፍ የለውም።

ወይዘሮዋ፦ ይሁን። ነገር ግን ከሦስቱ ክፍል አንዱ ብቻ ለእኔ ፈቃድ ከተተወ፣ በሁለቱ ላይ የሚፈርደው ማን ነው? ግብሩን የምከፍል እኔ፣ ለሠራተኛው ደመወዝ የምቈርጥ እኔ፣ ሲከስር የምከስር እኔ ነኝ።

መሐንዲሱ፦ ይህ ጥያቄ በሌላ አገር ተነሥቶ ያስከተለውን ነገር ላጫውትዎ፤ ጥቂት ይረዝማልና ይታገሡኝ። በኒው ዮርክ ከተማ፣ ሚስ ቫን ደር ሮኸ የተባለው ስመ ጥር የሕንጻ ሊቅ ባቆመው የሲግራም ሕንጻ ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1959 ፎር ሲዝንስ የሚባል ምግብ ቤት ተከፈተ፤ የውስጡን ንድፍ ያወጣው ፊሊፕ ጆንሰን ነበር። በአንደኛው አዳራሽ መካከል ከነጭ የካራራ እብነ በረድ የተሠራ፣ በየጎኑ ስድስት ሜትር የሆነ የውኃ ገንዳ ነበረ፤ በረጃጅሞቹ መስኮቶች ላይም በጨርቅ ፋንታ ከብረታ ብረት የተሠራ ቀጭን ሰንሰለት ተንጠልጥሎ፣ ከሥር በሚነፍሰው አየር ቀኑን ሙሉ ይወዛወዝ ነበር። ሁለቱን አዳራሾች በሚያገናኘው መተላለፊያ ላይ ፒካሶ እ.ኤ.አ. በ1919 ለባሌት ትርኢት የሳለው ትልቅ መጋረጃ ተሰቅሎ ነበር። እኔን እጅግ የሚያስደንቀኝ ግን ይህ ነው፦ የምግቡ ዝርዝር፣ የአሳላፊዎቹ ልብስ፣ በአዳራሹ የቆሙት ዛፎች ሳይቀሩ በዓመት አራት ጊዜ ከወቅቱ ጋራ ይለወጡ ነበር፤ አዳራሹ ግን አይለወጥም። እርስዎ ያሉትን ፊትን ማደስ በዚህ መንገድ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲሠሩበት ከኖሩ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1989 የከተማው የቅርስ ጥበቃ ኮሚሽን የሕንጻውን ውጭ ብቻ ሳይሆን የምግብ ቤቱንም ውስጥ በሕግ አስከበረው።

ወይዘሮዋ፦ ውስጡንም ጭምር? የሰው ጓዳ ድረስ ገብተው?

መሐንዲሱ፦ ውስጡንም ጭምር፤ ግን ከግድግዳው ጋራ የተያያዘውን ብቻ። ነገሩም የከፋው በዚህ ነው። የፒካሶ መጋረጃ የሚንቀሳቀስ ዕቃ ስለ ነበረ፣ የሕንጻው ባለቤት ከበስተጀርባው ያለው ግድግዳ ጥገና ያሻዋል በማለታቸው እ.ኤ.አ. በ2014 ወርዶ ወደ ከተማው የታሪክ ማኅበር ቤተ መዘክር ተወሰደ። በሚከተለው ዓመት ባለቤቱ አዳራሹን የሚከፍለውን መስተዋትና የእንጨቱን ሰሌዳ ለመለወጥ ቢያመለክቱ ኮሚሽኑ ከለከላቸው። በ2016 ግን የምግብ ቤቱ የኪራይ ዘመን አብቅቶ ተዘጋ፤ ወንበሩ፣ ጠረጴዛው፣ ሳህኑና ማንኪያው ሁሉ፣ ለዚያ ቤት ተብሎ የተነደፈው ሳይቀር፣ በሐራጅ ተሸጠ።

ወይዘሮዋ፦ እንግዲህ ጋሼ፣ ሕጉ ያዳነው ባዶ ቤት ነው። በዚያ ቤት ስትበላና ስትጫወት የኖረች አንዲት ሴት ተመልሳ ብትመጣ፣ የምትቀመጥበት ወንበር የለም፤ የምታውቀው አሳላፊ የለም፤ የለመደችው ሳህን በሐራጅ ሄዷል። ግድግዳው ቀረልሽ ብትባል ምን ይጠቅማታል?

መሐንዲሱ፦ ይህ ሐዘን እውነተኛ ሐዘን ነው። ፍጻሜውን ግን ይስሙ። እ.ኤ.አ. በ2017 በእነዚያው አዳራሾች ሌሎች ሰዎች አዳዲስ ምግብ ቤቶች ከፈቱ፤ ገንዳውም፣ የሰንሰለቱም መጋረጃ፣ ከፍተኛው ጣራም በሥፍራቸው ሆነው አዲሱን እንግዳ ተቀበሉ። የቀድሞው ምግብ ቤት ስሙን ይዞ በ2018 በሌላ ሕንጻ ውስጥ ብዙ ገንዘብ በወጣበት አዲስ አዳራሽ ተከፈተ፤ ዓመት ሳይሞላው በ2019 ተዘጋ። ስሙ ቢኖር፣ ሙያው ቢኖር፣ ክፍሉ ግን አልነበረም። ነጋዴ ለዚህ ሌላም ምክንያት አያጣለትም፤ እኔ ግን አዳራሹ ከዚያ ማዕድ ውስጥ የነበረው ድርሻ ባለቤቶቹ ከገመቱት እጅግ የበለጠ እንደ ነበረ አምናለሁ።

ወይዘሮዋ፦ እኔ ደግሞ ሌላ ነገር ልናገር። እርስዎ ግድግዳ ግድግዳ ይላሉ፤ የጥንት ቤት ማለት ግን ለእኔ በውስጡ የተሠራው ሥርዓትም ነው። የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል በተከፈተ ጊዜ፣ በገንዘብ ምግብ መግዛት ነውር ሆኖ ይቈጠር ስለ ነበረ ሰው አልመጣ ብሎ፣ አፄ ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቱን አስከትለው ገብተው በልተው ሒሳብ በመክፈል አለማመዱት ሲባል ሰምቻለሁ። በግብሩ አዳራሽ ንጉሡ በመጋረጃ ተከልለው ከተመገቡ በኋላ መጋረጃው ተገልጦ ሕዝቡ በየማዕርጉ ይገባ እንደ ነበረም አያቴ ትነግረኝ ነበር። ታዲያ አንድ ፈረንጅ ወይም አንድ የአዲስ አበባ ልጅ ወደዚህ አዳራሽ ሲገባ፣ እጁን የሚታጠበው በመጸዳጃ ቤት ቧንቧ ከሆነ፣ ማስታጠቢያው ወደ እርሱ ካልመጣ፣ የጥንት ቤት ውስጥ ገባ ማለት ይቻላልን? ስለዚህ ንድፉን ሲያወጡልኝ አስታጣቢው ከበሩ እስከ መጨረሻው ማዕድ ሳይጋፋ የሚያልፍበትን መንገድ አስቀድመው እንዲያስቡልኝ እፈልጋለሁ።

መሐንዲሱ፦ ይህን በማለትዎ ሥራዬን አቀለሉልኝ፤ ንድፍ ከሥርዓት ሲነሣ የጌጡ ጥያቄ በራሱ ይቀላልና። አስታጣቢው እንዲያልፍ፣ መሶቡ እንዲዘዋወር፣ ጎረቤቱም የጎረቤቱን ጨዋታ እንዳይሰማ፣ ለአንድ እንግዳ ወደ ሁለት ካሬ ሜትር የሚደርስ ሥፍራ መተው ያስፈልጋል። ከዚህ የሚቀንሱ እንደሆነ ገቢው ለጊዜው ይበዛ ይሆናል፤ የከበረ ማዕድ መሆኑ ግን ይቀራል። እርስዎ ሊያነሡት ያሰቡት ጣውላና በኮርኒሱ ላይ የተወጠረው አቡጀዲም ድምፅን የሚቀበሉ ናቸው፤ በእብነ በረድና በመስተዋት ቢለውጧቸው፣ የማንኪያው ኳኳታና የሰዉ ወሬ ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተመ እንግዳውን ሳይመሽ ያባርርብዎታል። መብራቱም ከላይ የሚያፈጥ አይሁን፤ ዝቅ ብሎ በማዕዱ ላይ የሚያርፍ፣ ቀለሙ ወደ ሻማ ብርሃን የቀረበ፣ ሽቦውም ግድግዳውን ሳይቦረቡር በግልጽ የሚሄድ ይሁን። በጠቅላላው፣ የምንጨምረው ነገር ሁሉ አዲስ መሆኑ የሚታወቅና፣ የሚቀጥለው ባለቤት ባይወደው ቤቱን ሳያቆስል ሊያነሣው የሚችለው ይሁን።

ወይዘሮዋ፦ ማብሰያውስ? በኋላ በኩል ያለው ክፍል ጠቧል። የአዳራሹን አንድ ሦስተኛ በመስተዋት ከልዬ፣ እንግዳው ወጥ ሠሪዎቹን እያየ እንዲበላ አስቤ ነበር። እንዲህ ያለውን አሁን ሰው ይወደዋል።

መሐንዲሱ፦ እንግዲህ ዋናው ነገር ላይ ደረስን። የጥንት ቤትን የሚገድለው ወንበር አይደለም፤ ማብሰያ ነው። እንፋሎቱ ወደ ጭቃው ይገባል፤ የቅባቱ ጭስ በጣውላውና በአቡጀዲው ላይ ይጋገራል፤ የውኃው ቧንቧ ከወለሉ ሥር ሲያፈስ ሳይታወቅ ምሰሶውን ያበሰብሳል፤ ለጭስ ማውጫው ሲባልም ጣራው ይቀደዳል። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ እሳት ነው። በጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. የጣይቱ ሆቴል በተቃጠለ ጊዜ፣ የጃዝ ሙዚቃ ይሰማበት የነበረው የጃዛምባ አዳራሽ ጨርሶ የወደመው፣ የደረቀ እንጨት ለነበልባል ምን ያህል ፈጣን ቀለብ እንደ ሆነ ያሳያል። ከመቶ ዓመት በላይ የደረቀ ጣውላ ሥር የጋዝ ምድጃ ማንደድን እኔ በበኩሌ ልፈርምልዎ አልችልም።

ወይዘሮዋ፦ ቆይ ጋሼ፣ አንድ ነገር መጣልኝ። የአያቴ ማድ ቤት እኮ በዚህ ቤት ውስጥ አልነበረም። ከጓሮ ለብቻው ነበረ፤ ወጡም እንጀራውም ከዚያ በሌማትና በመሶብ እየተሸፈነ ነበር ወደ አዳራሹ የሚመጣው። በጌቶቹም ግቢ እልፍኙ፣ አዳራሹና ማድ ቤቱ የተለያዩ ቤቶች ነበሩ። አሁን የዕቃ መጋዘን ያደረግሁት የጓሮው ሥፍራ ያ ነው።

መሐንዲሱ፦ እኅቴ፣ የፈለግነውን መፍትሔ አያቶችዎ አስቀድመው ሠርተውት ኖሯል። እንግዲያው አዲሱን ሕንጻ በዚያ እናቁመው፤ በብሎኬትና በሲሚንቶ፣ በማይነድ ጣራ፣ የጭስ ማውጫውን፣ ማቀዝቀዣውንና የዕቃ ማጠቢያውን ሁሉ የሚይዝ፣ ዘመናዊና የማያፍር ማድ ቤት ይሁን። ከአዳራሹ ጋራ ጣራ ባለው መተላለፊያ እናገናኘዋለን፤ የቬኒሱም ደንብ የሚያዝዘው አዲሱ ከአሮጌው ጋራ እንዲስማማ እንጂ አሮጌውን እንዲመስል አይደለም። መስተዋቱን የወደዱት እንደሆነም በአዲሱ ቤት ላይ ያድርጉት፤ በበረንዳው የሚቀመጠው እንግዳ በግቢው ማዶ ወጥ ሠሪዎቹን ያያቸዋል። አሳላፊውም መሶቡን ተሸክሞ ግቢውን ሲያቋርጥ መታየቱ፣ በአዳራሽ ውስጥ ከሚታይ ምድጃ የሚያንስ ትዕይንት አይደለም።

ወይዘሮዋ፦ ምግቡ እስኪደርስ አይቀዘቅዝም?

መሐንዲሱ፦ መተላለፊያው ከአሥራ አምስት እርምጃ አይበልጥም፤ መሶብም ክዳን ያለው በከንቱ አይደለም። በክረምት ነፋሱን የሚከለክል የሸራ መጋረጃ እንጨምርለታለን።

ወይዘሮዋ፦ እሳቱን ይህን ያህል ከፈሩ፣ እንግዲያው አቡጀዲው ኮርኒስስ ይነሣ አይሉም?

መሐንዲሱ፦ አሮጌው አቡጀዲ ከላዩ ብዙ ዘመን የተከማቸ አቧራና የወፍ ጎጆ ተሸክሟል፤ እርሱ ወርዶ፣ እሳት እንዳይዘው በመድኃኒት የተነከረ አዲስ ጨርቅ በዚያው አወጣጠር ይወጠራል። ከላዩ ያለው የኤሌክትሪክ ሽቦም ጨርሶ ተነቅሎ እንደ አዲስ ይዘርጋ። ይህ ለእንግዳው የማይታይ፣ ለእርስዎም ወጪው የሚከብድ ሥራ ነው፤ ቢሆንም ከወንበሩ ገንዘብ ተቀንሶ ለዚህ ይዋል።

ወይዘሮዋ፦ በወጪው ተስማምቻለሁ። ሥራውን መቼ እንጀምር?

መሐንዲሱ፦ አስቀድሞ ፈቃዱ ይምጣ። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ በወጣው አዋጅ ቍጥር 209/1992 መሠረት፣ በቅርስ ላይ የሚደረግ የጥገናና የእድሳት ሥራ ሁሉ አስቀድሞ በቅርስ ባለሥልጣኑ መጽደቅ አለበት፤ ይህንም እንደ እንቅፋት አይቈጥሩት፣ የሠራነውን ሁሉ በጽሑፍና በሥዕል እንድናስቀር ያስገድደናልና። በዚህ ሳምንት ሠራተኞቼ መጥተው እያንዳንዱን በር፣ መስኮትና ምሰሶ ይለካሉ፤ ፎቶግራፍም ያነሣሉ፤ ማመልከቻው ከዚህ ጋራ ይገባል። ፈቃዱ በተገኘ ጊዜ የመጀመሪያው ሥራ ጣራው ነው፤ የዛገው ቆርቆሮ ይለወጥ፣ አሸንዳው ይቃና፣ የዝናቡም ውኃ ከመሠረቱ ርቆ የሚሄድበት ቦይ ይቈፈር። ይህ እስኪፈጸም ድረስ ለአዳራሹ አንድ ወንበር እንኳ እንዳይገዙ አደራ እላለሁ።